አጭር ቅብብልና ረጅም ኳስ

አጭር ቅብብል እና ረጅም ኳስ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ኳሱን ከራሱ የሜዳ ክልል ወደ ተጋጣሚው ጎል የሚያደርስባቸው ሁለት ዋና የማጥቃት መንገዶች ናቸው። በአጭር ቅብብል ኳሱ ከ5 እስከ 20 ሜትር በሚሆን ርቀት ከተጫዋች ወደ ተጫዋች እየተቀባበለ ደረጃ በደረጃ ወደፊት ይሄዳል። በረጅም ኳስ ግን ከኋላ ያለው ተጫዋች 40 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ምት ልኮ የመሀል ሜዳውን ያልፋል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የማንነት ክርክር ሆኖ ይቀርባል፤ «አጭር ቅብብል የእኛ ጨዋታ ነው፣ ረጅም ኳስ የሌሎች ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ የሚወስኑት ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የአንዱ ቅብብል የመሳካት ዕድል፣ ኳሱ የሚነጠቅበት ቦታ፣ የሜዳው ሁኔታና የተጋጣሚው አቋቋም ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን አሠራር፣ ታሪካቸውንና በኢትዮጵያ የታዩበትን ሁኔታ ያስረዳል፤ የሜዳንና የከፍታን ተጽዕኖ ለማሳየትም በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙትን የቢቸናንና የሞጣን ከተሞች ምሳሌ ያደርጋል።

ስያሜ

በአማርኛ የስፖርት ቋንቋ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ወደፊት መሄድ «ኳስን መሥርቶ መጫወት» ይባላል። አንድ ቡድን በዚህ መንገድ ኳሱን ለረጅም ጊዜ ሲይዝ «ኳስ ተቆጣጥሮ ተጫወተ» ይባላል። ለሁለተኛው መንገድ «ረጅም ኳስ»፣ «በረጅሙ መጣል» ወይም ሲነቀፍ «ጠለዛ» የሚሉት ቃላት ያገለግላሉ። ጠለዛና ረጅም ኳስ ግን አንድ አይደሉም። ጠለዛ ተከላካዩ ከአደጋ ለመገላገል ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ የሚለጋው ኳስ ነው። ረጅም ኳስ ግን ተቀባዩና ቦታው ታውቀው የሚላክ ቅብብል ነው።

ከክንፍ ወደ ቅጣት ክልል የሚላከው «ተሻጋሪ ኳስ» ረጅም ሊሆን ቢችልም ዓላማው ሌላ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አይካተትም።

የአጭር ቅብብል አሠራር

የአጭር ቅብብል መሠረቱ ሦስት ማዕዘን ነው። ኳስ የያዘው ተጫዋች ቢያንስ ሁለት የሚቀበሉት ጓደኞች በቅርብ ሊኖሩት ይገባል፤ ተከላካዩ አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ስለዚህ በዚህ አጨዋወት ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ኳስ ያልያዙት ናቸው። ኳሱን ሰጥቶ ቆሞ የሚቀር ተጫዋች ሦስት ማዕዘኑን ያፈርሰዋል።

ጥቅሞቹ የሚከተሉት ናቸው፦

አንደኛ፣ ኳሱ በቡድኑ እጅ በቆየ መጠን ተጋጣሚው ጎል ማግባት አይችልም። ሁለተኛ፣ ኳሱን ለመንጠቅ የሚሮጠው ተጋጣሚ ይደክማል፤ ቦታውንም ይለቃል። ሦስተኛ፣ ኳሱ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ በቁመትና በጉልበት የሚበልጥ ተጋጣሚ ይህን ብልጫውን የሚጠቀምበት አጋጣሚ ይቀንሳል።

ጉዳቱ ደግሞ ኳሱ በሚነጠቅበት ቦታ ላይ ነው። ከግብ ጠባቂው የተጀመረ ቅብብል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንክኪ ከተበላሸ ተጋጣሚው ኳሱን የሚያገኘው ከጎሉ 20 ወይም 25 ሜትር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የራስ ቡድን ተጫዋቾች ለመቀበል ተዘርግተው ስለሚቆሙ በመሀላቸው ሰፊ ክፍተት ይኖራል።

የረጅም ኳስ አሠራር

ረጅም ኳስ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወደ ሰው የሚላክ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ አጥቂ ኳሱን በቴስታ ወይም በደረቱ አውርዶ ለጓደኞቹ ያቀብላል። ሁለተኛው ወደ ቦታ የሚላክ ነው፤ ኳሱ ከተከላካዮች ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ይወድቅና ፈጣን አጥቂ ሮጦ ይደርስበታል። ሁለተኛው ዓይነት ቁመት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፍጥነትና ጊዜን መጠበቅ ነው፤ ምክንያቱም አጥቂው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቀድሞ ካለፈ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል።

ረጅም ኳስ በመጀመሪያው ንክኪ ብቻ አይለካም። ብዙ ጊዜ ተከላካዩ ኳሱን በቴስታ ይመልሰዋል፤ ኳሱም መሀል ሜዳ አካባቢ ይወድቃል። ይህ «ሁለተኛ ኳስ» ይባላል። በረጅም ኳስ የሚጫወት ጥሩ ቡድን አማካዮቹን ሁለተኛው ኳስ በሚወድቅበት አካባቢ ያሰባስባል። አጥቂው ብቻውን ከፊት ቀርቶ አማካዮቹ ከኋላ ከራቁ ግን ረጅም ኳስ ኳሱን ለተጋጣሚ ከመስጠት አይለይም።

የዕድል ስሌት

የሁለቱን ልዩነት በቀላል የዕድል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ ከአንድ ጨዋታ የተለኩ አይደሉም።

አንድ ቡድን ኳሱን ከራሱ ክልል ወደ ተጋጣሚው ቅጣት ክልል ጫፍ ለማድረስ አምስት አጫጭር ቅብብሎች ያስፈልጉታል እንበል። አምስቱም መሳካት ስላለባቸው የአንዱ ዕድል አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

የአንዱ ቅብብል የመሳካት ዕድል 95 በመቶ ከሆነ አምስቱም የመሳካት ዕድላቸው 77 በመቶ ነው።
90 በመቶ ከሆነ 59 በመቶ ነው።
85 በመቶ ከሆነ 44 በመቶ ነው።
80 በመቶ ከሆነ 33 በመቶ ነው።
70 በመቶ ከሆነ 17 በመቶ ነው።

በአንዱ ቅብብል ላይ የታየችው ትንሽ ልዩነት በአምስቱ ላይ ስትባዛ ትልቅ ትሆናለች። ከ90 ወደ 80 መውረድ ዝቅ ያለ ለውጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ኳሱ ወደፊት የመድረስ ዕድሉን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል።

አሁን ከዚህ ጋር 40 በመቶ የሚሳካ አንድ ረጅም ኳስ እናወዳድር። አጭር ቅብብሉ ከረጅሙ የሚበልጠው የአንዱ ቅብብል ዕድል ከ83 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ረጅሙ ይሻላል። በተጨማሪም ቡድኑ ከሚበላሹት ረጃጅም ኳሶች ውስጥ ግማሹን እንደ ሁለተኛ ኳስ መልሶ ካገኘ በ40 በመቶው ላይ 30 በመቶ ይጨመርና 70 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለተኛ ኳስ የተዘጋጀ ቡድንና ያልተዘጋጀ ቡድን አንድ ዓይነት ምት ቢመቱም የሚያገኙት ጥቅም አንድ አይደለም።

ኳሱ የሚበላሽበት ቦታም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። የአንዱ ቅብብል ዕድል 80 በመቶ በሆነበት ምሳሌ፣ ኳሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅብብሎች ማለትም በራስ ጎል አጠገብ የመነጠቅ ዕድሉ 36 በመቶ ነው። ረጅሙ ኳስ በ60 በመቶ ቢበላሽም የሚበላሽበት ቦታ ከራስ ጎል 50 ሜትር ያህል ይርቃል።

ይህ ስሌት አንድ ጉድለት አለበት፤ እያንዳንዱ ቅብብል ከሌላው ጋር ግንኙነት እንደሌለው አድርጎ ይወስዳል። በእውነተኛ ጨዋታ ግን መጥፎ ቅብብል የሚቀጥለውን ያከብደዋል፤ ጥሩ ቅብብል ደግሞ ያቀለዋል። ቢሆንም የነገሩን አቅጣጫ በትክክል ያሳያል።

ሁለቱን መቀላቀል

ተጋጣሚ ቡድን የሚመጣውን ካወቀ ይዘጋጃል። ሁልጊዜ በአጭር ብቻ የሚጫወትን ቡድን ተጋጣሚው ወደፊት ወጥቶ ከጎሉ አጠገብ ጫና ያደርግበታል። ሁልጊዜ በረጅሙ ብቻ የሚጫወትን ቡድን ደግሞ ተከላካዮቹን ወደ ኋላ ስቦ ይጠብቀዋል። አልፎ አልፎ ከጀርባ የሚጣል ረጅም ኳስ ተጋጣሚውን ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ስለሚያስገድደው መሀል ሜዳ ላይ ለአጭር ቅብብል ቦታ ይከፍታል። በተቃራኒው ረጅም የአጭር ቅብብል ጊዜ ተጋጣሚውን ወደፊት ይስበውና ከጀርባው ባዶ ሜዳ ይፈጥራል። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1863 በእንግሊዝ በወጣው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ ከኳሱ ፊት ያለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ነበር። በዚህ ምክንያት ኳስ ወደፊት ማቀበል አይቻልም ነበር፤ ተጫዋቾች ኳሱን ራሳቸው እየነዱ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ሕጉ ተሻሽሎ በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች ካሉ ወደፊት ማቀበል ተፈቀደ። ኅዳር 30 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል የተደረገው የመጀመሪያው ይፋዊ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ 0 ለ 0 አለቀ። በክብደት የሚያንሱት ስኮትላንዶች ኳሱን እየተቀባበሉ ስለተጫወቱ ይህ ጨዋታ በቅብብል ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1925 የሚፈለጉት ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ሲቀነሱ ከተከላካይ ጀርባ ኳስ መጣል ቀለለ።

ኅዳር 25 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ አጭርና ረጅም ቅብብልን እየቀላቀለች እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3 አሸነፈች። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ የነበረው ቻርልስ ሪፕ ከእ.ኤ.አ. 1950 ጀምሮ በየጨዋታው ያሉትን ቅብብሎች በእጁ እየመዘገበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከስታቲስቲክስ ባለሙያው በርናርድ ቤንጃሚን ጋር ባወጣው ጥናት ከጎሎች ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ከሦስት ባልበለጡ ቅብብሎች እንደተገኙ አሳየ። ይህ ቁጥር በእንግሊዝ ለረጅም ኳስ ደጋፊዎች ዋና ማስረጃ ሆኖ ቆየ።

ነገር ግን ቁጥሩ ሲተረጎም ስሕተት ተፈጽሟል። በዚያው ጥናት ከተመዘገቡት የማጥቃት ሙከራዎች ውስጥ ወደ 91.5 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው ከሦስት ያልበለጡ ቅብብሎች የነበራቸው ናቸው። ይህ ማለት 91.5 በመቶው ሙከራ 80 በመቶውን ጎል ሲያስገኝ፣ 8.5 በመቶው ብቻ የሆነው ረጅም ቅብብል 20 በመቶውን አስገኝቷል። ለአንድ ሙከራ ሲሰላ ብዙ ቅብብል ያለው ሙከራ ከሁለት እጥፍ በላይ ውጤታማ ነበር። ጎሎቹን ብቻ ቆጥሮ ሙከራዎቹን አለመቁጠር ከራሱ መረጃ ጋር የሚቃረን መደምደሚያ አስከትሏል። ይህም ቢሆን ብዙ የሚቀባበሉት ከመጀመሪያውም የተሻሉት ቡድኖች ሊሆኑ ስለሚችሉ ቁጥሩ ብቻውን አጭር ቅብብል ይሻላል ብሎ አይፈርድም።

ረጅም ኳስም የራሱ ድሎች አሉት። ኖርዌይ በአሰልጣኝ ኤጊል ኦልሰን ዘመን በዚህ አጨዋወት ለ1994 እና ለ1998 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫዎች አልፋለች፤ በ1998 ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፋለች። በሌላ በኩል ስፔን በአጭር ቅብብል የ2008 እና የ2012 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫዎችን፣ የ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫንም ወሰደች። ያችው ስፔን በ2018 ከሩሲያ፣ በ2022 ከሞሮኮ ጋር ስትጫወት በእያንዳንዱ ጨዋታ ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርጋ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፋ ወጣች።

ሁለት የሕግ ለውጦች አጭር ቅብብልን ነክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ግብ ጠባቂ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይይዝ ተከለከለ፤ ስለዚህ በእግሩ መጫወት መልመድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የጎል ምት ከቅጣት ክልል ሳይወጣ ጓደኛ ሊቀበለው እንደሚችል ተደነገገ፤ ይህም ከጎል አፍ ጀምሮ ኳስ መመሥረትን አቀለለ።

በኢትዮጵያ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን (በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህ ድል እስከ ዛሬ የአገሪቱ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

በክለቦች ደረጃ አጭር ቅብብል በይበልጥ የሚያያዘው ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ነው። ቡድኑ በ2003 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ኋላም የቡድኑ የቀድሞ ተጫዋች የሆነው ካሳዬ አራጌ በአሰልጣኝነት ሲመጣ ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ መመሥረትን የቡድኑ መለያ አደረገው። በ2013 ዓ.ም. የቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ያዘ፤ ዋንጫውን ግን ፋሲል ከነማ ወሰደ።

ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነው። በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩይት ከተማ ጥር 13 ቀን የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ቢወጣም በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያዩ። ከአራት ቀን በኋላ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፉ። የዚህ ጨዋታ ትምህርት ከውጤቱ በላይ ነው። ውጤቱ 1 ለ 0 እያለ የቡርኪና ግብ ጠባቂ ከቅጣት ክልል ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቀሪዎቹ ሦስት ጎሎች የተቆጠሩት ቡርኪናዎች በአሥር ሰው እየተጫወቱ ነው። አቻ ለመሆን ወደፊት የወጣ ቡድን ከጀርባው ባዶ ሜዳ ይተዋል፤ ያን ባዶ ሜዳ ለመጠቀም ጥቂት ፈጣን ተጫዋቾችና ጥቂት ቅብብሎች ይበቃሉ። የሰው ብልጫ ብቻውን ከመልሶ ማጥቃት አያድንም።

በ2014 ዓ.ም. ጥር በካሜሩን በተደረገው ውድድር አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። በአስተናጋጇ ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ጎል ቢያስቆጥርም ጨዋታው 4 ለ 1 በሆነ ሽንፈት ተጠናቀቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ይኸው ቡድን ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ይህ ጨዋታ የኢትዮጵያ «የሜዳዋ» ጨዋታ ቢሆንም የተደረገው በማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ በአገር ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟሉም ነበርና። የሜዳ ጉዳይ ከትናንሽ ከተሞች እስከ ብሔራዊ ቡድን ድረስ አብሮ የሚሄድ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሜዳ፣ አፈርና ከፍታ፦ ቢቸናና ሞጣ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ አካባቢ ማዕከል ናቸው። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከፍታቸው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ጽሑፍ በሁለት ምክንያት ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ፤ አንዱ አፈር ነው፣ ሌላው አየር።

በነጭ ጤፉ የሚታወቀው የእነማይ አካባቢ ሰፊ ጥቁር መረሬ አፈር አለው። መረሬ ለጤፍ መልካም ነው፤ ለኳስ ግን አስቸጋሪ ነው። በክረምት ውኃ ይዞ ይጨቀያል፣ ጫማ ላይም ይለጠፋል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይም ይጠጥራል። በጭቃ ላይ መሬት ለመሬት የተላከ ኳስ ሳይደርስ ይቆማል። በተሰነጠቀ ሜዳ ላይ ደግሞ ኳሱ በድንገት ይነጥርና ከተቀባዩ እግር ያመልጣል። ከላይ ወደ ተሰጠው ስሌት ስንመለስ፣ ያው ተጫዋች በለስላሳ ሣር ላይ 90 በመቶ የሚያሳካውን ቅብብል በእንዲህ ያለ ሜዳ 80 ወይም 70 በመቶ ብቻ ሊያሳካ ይችላል። ይህም አምስት ቅብብሎችን የማሳካት ዕድሉን ከ59 ወደ 33 ወይም ወደ 17 በመቶ ያወርደዋል። የተጫዋቹ ችሎታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሜዳው ነው።

የሚያስከትለው ጉዳት ለአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመጥፎ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ኳስን ቶሎ መገላገል ትክክል መሆኑን ከልምዱ ይማራል፤ በዚያ ሜዳ ላይም በርግጥ ትክክል ነው። ኋላ ለምልመላ ደህና ሜዳ ወዳለው ከተማ ሲሄድ ግን «ኳስ መያዝ አይችልም» ይባላል። በጨርቅ ኳስ በጠባብ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ በአንጻሩ ኳሱ ስለማይነጥርና ቦታው ስለማይበቃ አጭር ቅብብልንና አብዶን ይለምዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ የትኛውን እግር ኳስ እንደሚማር ሜዳው አስቀድሞ ይወስንለታል።

ሁለተኛው ምክንያት አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 22 በመቶ ያንሳል። በአየር ላይ የሚሄድን ኳስ የሚያዘገየው የአየር ግፊያ ከእፍጋቱ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ በእኩል ጉልበት የተመታ ረጅም ኳስ በሞጣ በባሕር ጠለል ካለ ከተማ ይልቅ በፍጥነት ይጓዛል፤ ርቆም ይወድቃል። ኳስን በአየር ላይ የሚያጣምመው ኃይልም ስለሚቀንስ የተጠማዘዘ ምት ቀጥ ይላል። በመሬት ላይ የሚሄድ አጭር ቅብብልን ግን ይህ ለውጥ ብዙም አይነካውም። ስለሆነም ረጅም ኳስን በደጋ የለመደ ተጫዋች ቆላ ወርዶ ሲጫወት ኳሱ ሊያጥርበት ይችላል፤ ከቆላ የመጣው ደግሞ በደጋ ያስረዝማል።

ከፍታው ሳንባንም ይነካል። በሚሳሳው አየር ውስጥ ለአካል የሚደርሰው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ያልለመደ እንግዳ ቡድን ቶሎ ይደክማል፤ ኳስን ይዞ እንዲሮጥ ማድረግም የበለጠ ያደክመዋል። ጉዳዩ በዓለም ደረጃም አከራክሯል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ወስኖ ነበር። ወዲያው ወሰኑን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በ2008 ደግሞ ከእነ ቦሊቪያ ተቃውሞ በኋላ እገዳውን አነሣ።

የተክለ ሰውነት ክርክር

«ተጫዋቾቻችን አጫጭርና ቀጭን ስለሆኑ አጭር ቅብብል ይስማማናል» የሚለው አስተያየት በኢትዮጵያ በሰፊው ይሰማል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው፤ በአየር ላይ በሚደረግ ትግል ቁመት ጥቅም አለው፣ መሬት ለመሬት ጨዋታ ደግሞ ይህን ጥቅም ይቀንሳል። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ወደ ቦታ የሚላክ ረጅም ኳስ ቁመት አይፈልግም፤ ፍጥነት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ አጭር ቅብብል የተፈጥሮ ስጦታ ሳይሆን የብዙ ዓመት ልምምድና የደህና ሜዳ ውጤት ነው። ሦስተኛ፣ አጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድንም ኳሱን ሲያጣ መከላከል፣ የማዕዘን ምት ሲመጣበትም በአየር ላይ መታገል ይኖርበታል።

ተቃራኒው አስተያየት «ቅብብሉ ያምራል፣ ውጤት ግን የለውም» ይላል። ይህም ቢሆን ያልተሟላ ነው። ቅብብሉ ውጤት ያላመጣው በራሱ ምክንያት ነው ወይስ ኳሱ በተነጠቀ ጊዜ ቡድኑ ስላልተዘጋጀ ነው የሚለው ሳይለይ የሚሰጥ ፍርድ ነውና።

በሌሎች ጨዋታዎች

ጉዳዩ በእግር ኳስ ብቻ አይወሰንም። በልደት በዓል በሚደረገው ገና ጨዋታ ሩሩን በዱላ አስጠግቶ እየነዱ መሄድና በአንድ ምት አርቆ መምታት ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ኳስ በእጅ በሚወረወርበት የአሜሪካ እግር ኳስ ደግሞ አንድ ቡድን 10 ያርድ (ወደ 9 ሜትር) ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአንድ ሙከራ ወደፊት መወርወር የሚቻለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሰልጣኝ ቢል ዋልሽ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮውን ቡድን በአጫጭርና ጊዜያቸው በተለኩ ውርወራዎች አሰልጥኖ ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸንፏል። እዚያም አጭሩ ውርወራ ተከላካዮችን ወደፊት ሲስባቸው ረጅሙ ይከፈታል።

በሜዳ ላይ እንዴት ይለካል

የትኛው መንገድ ለአንድ ቡድን እንደሚያዋጣ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሪፕ ሥራውን የጀመረው በእርሳስና በማስታወሻ ደብተር ነው። ጨዋታ የሚከታተል ተማሪ ወይም አሰልጣኝ አራት ነገሮችን መመዝገብ ይችላል፦

በራስ ክልል ከተጀመሩት አጫጭር ቅብብሎች ስንቱ መሀል ሜዳን አለፉ?
ከተላኩት ረጃጅም ኳሶች ስንቱን የራስ ተጫዋች አገኘ? ከተበላሹትስ ስንቱ በሁለተኛ ኳስ ተመለሱ?
ኳሱ በተነጠቀ ቁጥር ከራስ ጎል ምን ያህል ይርቅ ነበር?
ከእያንዳንዱ መንገድ ስንት የጎል ሙከራ ተገኘ?

የተሳኩትን ብቻ ሳይሆን የተሞከሩትንም ሁሉ መቁጠር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሪፕ ስሕተት ይደገማል። መዝገቡን በበጋና በክረምት ለየብቻ መያዝም ጠቃሚ ነው። ያው ቡድን በጥር ሜዳ ላይ መሥርቶ መጫወት ቢያዋጣው በሐምሌ ጭቃ ላይ ላያዋጣው ይችላል።